ሕመሙ ቆሟል፤ ጥርሱ ግን ድኗል? የአንባቢያን ጥያቄና የጥርስ ሐኪም መልስ

ስለ ጥርስ የሚጽፉልኝ አንባቢያን ከሚያነሷቸው ጉዳዮች አንዱ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ እርሱም ሕመምን የጤና መለኪያ ማድረግ ነው። «ስለማያመኝ ደኅና ነኝ» ወይም «ሕመሙ ስለተወኝ ድኛለሁ» የሚለው ሐሳብ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች በአብዛኞቹ ውስጥ አንዳንዴ በግልጽ፣ አንዳንዴም በተዘዋዋሪ ይገኛል። የጥርስና የድድ በሽታ ግን ከጅምሩ አንሥቶ ብዙ ጉዳት እስኪያደርስ ድረስ ያለ ሕመም የሚሄድ በመሆኑ፣ ሕመም እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ቀላሉ ሕክምና ካለፈው በኋላ ነው። ለዚህ ዕትም የመረጥኋቸው ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዙ ናቸው። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣሁም፤ ረዘም ያሉትንም ደብዳቤዎች አሳጥሬአለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከጥቂት ወራት በፊት አንድ የታች መንጋጋ ጥርሴ ትኩስ ነገር በነካው ቁጥር ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ እያደርም ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኝ ጀመር። ቤት ውስጥ ከሌላ ሕመም የተረፈ አሞክሲሲሊን ስለነበረ ለሁለት ቀን ወሰድሁ፤ ሕመሙም ጨርሶ ጠፋ። አሁን ጥርሱ መሐሉ ጠቁሮ ተቦርቡሯል፤ ነገር ግን ትኩስም ቀዝቃዛም አይሰማውም። መድኃኒቱ ካዳነኝ እንዲሁ ልተወው ወይስ ሐኪም ይየው?

መልስ፦ እባክዎ አይተዉት፤ በዚህ ሳምንት ውስጥ ይታዩ። ሕመሙን ያጠፋው መድኃኒቱ አይመስለኝም፤ ከጻፉልኝ ምልክቶች እንደምረዳው የጥርሱ ነርቭ ሞቷል።

የጥርስ የውጭ ሽፋን፣ ኢናሜል የሚባለው፣ በሰው አካል ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ ጠንካራው ሲሆን ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው። ነርቭም ሆነ ሕይወት ያለው ሴል ስለሌለበት ሲቦረቦር አያምም፤ ከተቦረቦረ በኋላም እንደ ቆዳና እንደ አጥንት ራሱን መልሶ አይተካም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ግን ይበልጥ ለስላሳ ነው፤ በውስጡም ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን ቱቦዎች ስላሉት ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው ጠቅ ያደርጋል። ከዚያም ወደ ውስጥ፣ በጥርሱ እምብርት ላይ፣ ነርቩና የደም ሥሮቹ የሚገኙበት ክፍል አለ።

ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው ጠቅ አድርጎ ወዲያው የሚተው ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ ገና ያልተጎዳ ስለሆነ የተበላሸውን ጠርጎ በመሙላት ይድናል። ትኩስ ከነካው በኋላ ለረጅም ደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ፣ ሳይነካም በራሱ የሚነሣ፣ በተለይም ጋደም ሲሉ የሚብስ ሕመም ግን ነርቩ ክፉኛ መቆጣቱን ያመለክታል። ሌላ የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል፤ የጥርስ ነርቭ ግን በጠንካራ ግድግዳ የተከበበ በመሆኑ የሚያብጥበት ቦታ ስለሌለው በውስጡ ያለው ግፊት እየጨመረ ይሄድና የራሱን የደም ዝውውር አፍኖ ይሞታል። የሞተ ነርቭ ደግሞ ትኩስም ቀዝቃዛም አይለይም። ጩኸቱ የቆመው እሳቱ ስለጠፋ ሳይሆን የሚጮኸው ስለሞተ ነው።

ከዚያ በኋላ ባክቴሪያዎቹ የሞተውን ሥጋ እየተመገቡ በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ መንጋጋ አጥንት ይወርዳሉ፤ በዚያም መግል ይቋጠራል። ይህ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ ሕመም ሊቆይ ይችላል። በጥርሱ አቅራቢያ ድድ ላይ እየፈነዳ የሚመለስ ትንሽ ብጉር የሚመስል ነገር ካዩ የመግሉ መውጫ እርሱ ነው። መውጫ ያላገኘ መግል ግን በአንድ ሌሊት ፊትን ሊያሳብጥ ይችላል።

አሞክሲሲሊንን በተመለከተ፣ አንቲባዮቲክ ወደ ታመመው ቦታ የሚደርሰው በደም አማካይነት ነው፤ ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዘዋወርም። ስለዚህ መድኃኒቱ የቱንም ያህል ቢወሰድ የበሽታው ምንጭ ከሆነው ቦታ አይደርስም። ነርቩ ሳይሞት ተቆጥቶ ለሚያመው ጥርስም አንቲባዮቲክ የሕመም ማስታገሻ አይሆንም። ትኩሳት ሲኖር ወይም እብጠቱ እየተስፋፋ ሲሄድ ሐኪሙ ሊያዝዘው ይችላል፤ ያኔም ቢሆን መግሉን ከማስወጣት ወይም ጥርሱን ከማከም ጋር እንጂ ለብቻው አይደለም። ከሌላ ሕመም የተረፈን መድኃኒት ለሁለት ቀን ወስዶ ማቋረጥ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ ከማገዝ በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም፤ ይህን አጥብቄ የምናገረው ልማዱ እጅግ የተስፋፋ በመሆኑ ነው።

ሐኪሙ በራጅ ካየ በኋላ ሁለት ምርጫ ያቀርብልዎታል። አንደኛው የሥር ቦይ ሕክምና ነው፤ የሞተው ነርቭ ወጥቶ፣ ቦዩ ታጥቦና ተደፍኖ፣ ጥርሱ በላዩ ይሞላል፤ መንጋጋ ጥርስ ከሆነም እንዳይሰበር ብዙውን ጊዜ ሽፋን ይደረግለታል። ሁለተኛው መንቀል ነው። ሥሩና የቀረው የጥርሱ ግድግዳ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ የእኔ ምክር ጥርሱን ማቆየት ነው፤ ምክንያቱም የተነቀለ መንጋጋ ቦታ ክፍት ሲቀር የጎኖቹ ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፣ ከላይ ያለው ተቃራኒውም ወደ ታች ይወርዳል። ብዙ ሰዎች የሥር ቦይ ሕክምናን ይፈራሉ፤ ነገር ግን በማደንዘዣ የሚሠራ ሲሆን የመጣውም ሕመምን ለማጥፋት እንጂ ለመጨመር አይደለም።

እስከዚያው ሕመሙ ቢመለስብዎ፣ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ሕመም ወይም በመድኃኒቱ የሚነሣ አስም ከሌለብዎ አይቡፕሮፌን፣ ካለብዎ ደግሞ ፓራሲታሞል በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይውሰዱ፤ ፓራሲታሞል ለጤነኛ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ግን መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። አስፕሪን አድቅቆ ጥርሱ ወይም ድዱ ላይ ማኖር ሥጋውን ያቃጥላል እንጂ አያስታግስም። የቅርንፉድ ዘይት ለጥቂት ጊዜ የማደንዘዝ ኃይል አለው፤ ሳይቀጠን በብዛት ድድን ሲነካ ግን እርሱም ያቆስላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ እብጠቱ ከአገጭ ሥር ወይም ወደ አንገት ከወረደ፣ ወደ ዓይን ከወጣ፣ አፍዎን መክፈት፣ ምራቅ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረዎ፣ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ከጥርስ የተነሣ መግል የመተንፈሻን መንገድ ዘግቶ ሰው ሊገድል ይችላል።

ጥያቄ፦ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥርስን የሚበላው ትል ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት አለው?

መልስ፦ የለውም። እምነቱ ግን በጣም ጥንታዊ ነው፤ በባቢሎናውያን የሸክላ ጽላቶች ላይ ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል፤ እርስ በርስ ግንኙነት ያልነበራቸው ብዙ ሕዝቦችም ይጋሩት ነበር። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር የተበላሹ ጥርሶችን በማጉያ መነጽር መርምሮ ትል የሚባል ነገር እንዳላገኘ በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጿል። ትክክለኛው ምክንያት የታወቀው በበርሊን ይሠራ የነበረው አሜሪካዊ ዊሎቢ ሚለር በ1890 የአፍ ባክቴሪያዎች ስኳርንና ስታርችን ወደ አሲድ እንደሚለውጡ፣ አሲዱም የጥርስን ማዕድን እንደሚያሟሟ ካሳየ በኋላ ነው። ስለዚህ ጥርስን የሚጎዳው ከምንበላው ምግብ ላይ በአፋችን ውስጥ የሚሠራ አሲድ ነው፤ ቀጣዩ ጥያቄም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

ጥያቄ፦ ከረሜላም ኬክም አልወድም፤ ጠዋትና ማታ ጥርሴን ሳልቦርሽ ቀርቼ አላውቅም። ይሁን እንጂ ሐኪም ዘንድ በሄድሁ ቁጥር አዲስ የተቦረቦረ ጥርስ ይገኝብኛል። ሥራዬ ተቀምጦ የሚሠራ ስለሆነ ስኳር ያለው ሻይ ከጎኔ አይለይም፤ ቀስ እያልሁ እየተጎነጨሁ እውላለሁ። ከዘር የመጣ ድክመት ይሆን?

መልስ፦ የዘር ተጽዕኖ አይኖርም አልልም፤ ነገር ግን ጥርስዎን የሚጎዳው ይህ ቀስ እያሉ የሚጎነጩት ሻይ ይመስለኛል። በጥርስ መቦርቦር ረገድ በቀን የሚወሰደው የስኳር መጠን ብቻ ሳይሆን ስኳሩ አፍን የሚጎበኝበት ጊዜ ብዛት ትልቅ ቦታ አለው። ስኳር አፍ ውስጥ በገባ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በጥርስ ላይ ባለው ስስ የባክቴሪያ ሽፋን ውስጥ አሲድ ይፈጠራል፤ የአሲድነቱ መለኪያ ፒኤች (ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ ኢናሜል ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ምራቅ አሲዱን ቀስ በቀስ አርክሶ፣ በውስጡ ባለው ካልሲየምና ፎስፌት የጠፋውን ማዕድን ይመልሳል፤ ለዚህ ግን ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ ከምግብ ጋር የጠጣ ሰው ጥርሱን ለአንድ ጊዜ ያጋልጣል፤ ያንኑ ብርጭቆ ለሦስት ሰዓት እየተጎነጨ የቆየ ሰው ግን ምራቁ የጥገና ሥራውን ለመጀመር እንኳ ፋታ አይሰጠውም።

እንግዲህ ሻዩን ይተዉ አልልዎትም። በአሥርና በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱት፣ ቢቻል ከምግብ ጋር ያድርጉት፣ በመሐል ሲጠማዎ ውኃ ይጠጡ፤ ያለ ስኳር መጠጣት ከለመዱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቢጎነጩትም ለመቦርቦር ምክንያት አይሆንም። የፍራፍሬ ጭማቂና የለስላሳ መጠጥ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ ስኳር የሌለው የሚባለው ለስላሳ እንኳ በራሱ አሲድ ስለሆነ ኢናሜልን በቀጥታ ያሳሳል።

ስለ መቦረሹ ጥቂት ልጨምር። የጥርስ ሳሙናዎ ፍሎራይድ ያለው መሆኑን፣ መጠኑም ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm) መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ያንብቡ። ፍሎራይድ ኢናሜሉ ማዕድኑን ሲመልስ ከበፊቱ ይልቅ አሲድን የሚቋቋም ሆኖ እንዲጠነክር ያደርጋል። ከዚህም የተነሣ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከቦረሹ በኋላ አፍን በውኃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ ጥቅሙን አጥቦ መድፋት ነው፤ አረፋውን ይትፉና በዚያው ይተዉት። ከሁለቱ የመቦረሻ ጊዜያት የሚበልጠው የማታው ነው፤ ስንተኛ የምራቅ ምርት በእጅጉ ስለሚቀንስ በጥርስ ላይ ያደረ ምግብ ከቀኑ ይልቅ ይጎዳል። ከማታው ብሩሽ በኋላ ከውኃ በቀር ምንም አይቅመሱ። በለስላሳ ብሩሽ፣ ሳይጫኑ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል መቦረሽ ይበቃል፤ በጥርስና በጥርስ መሐል ግን ብሩሽ ስለማይደርስ በቀን አንድ ጊዜ በጥርስ ክር ማጽዳት ያስፈልጋል። ኮምጣጣ ነገር ከጠጡ ወይም ካስመለሰዎ በኋላ ወዲያው አይቦርሹ፤ በውኃ ተጉመጥምጠው ግማሽ ሰዓት ይቆዩ፤ አሲድ ያላላውን ኢናሜል ብሩሹ ይፍቀዋልና።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ለደም ግፊት፣ ለአለርጂ ወይም ለድብርት የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ምራቅን ያደርቃሉ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚወስዱና አፍዎ የሚደርቅ ከሆነ ለሁለቱም ሐኪሞችዎ ይንገሩ፤ መድኃኒቱን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሰው ነኝ፤ የስኳር ሕመም አለብኝ። ስቦርሽ ከታች የፊት ጥርሶቼ ሥር ደም ይወጣል፤ ባያመኝም እንዳላቆስለው ብዬ ያን ቦታ ሳልነካው ማለፍ ከጀመርሁ ቆየሁ። ትንፋሼም መጥፎ ሽታ እንዳለው ቤተሰቦቼ ነገሩኝ።

መልስ፦ አሳቢነትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን የሚያስፈልገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ድዱ የሚደማው ብሩሽ ስለነካው ሳይሆን በጥርሱና በድዱ ድንበር ላይ የተከማቸው ባክቴሪያ ስላስቆጣው ነው፤ ቦታውን በተዉት መጠን ክምችቱ ይጨምራል። የብሩሹን ፀጉር ወደ ድዱ ድንበር ዘንበል አድርገው በቀስታ፣ በየቀኑ ያጽዱት። ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለ የድድ መቆጣት ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ መድማቱን ይተዋል፤ ጉዳትም ሳያስቀር ይድናል።

በሁለት ሳምንት ካልተወ ደግሞ ቆሻሻው ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በብሩሽ ስለማይለቅ በሐኪም መነሣት አለበት። ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያነቃንቃል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው እንዳይታከም አድርጓል። እውነቱን ለመናገር ጥርሱን ያነቃነቀው ከድንጋዩ ሥር ተሸሽጎ አጥንቱን ያሟሟው በሽታ ነው፤ ድንጋዩ ሲነሣ ቀድሞ የነበረው መነቃነቅ ይገለጣል፣ ድዱም እብጠቱ ሲቀንስ ሸሽቶ ይታያል። ከሥሩ የጠፋ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም፤ ሕክምናው የሚያደርገው የቀረውን ማዳን ስለሆነ ቀኑ ባለፈ ቁጥር የሚድነው ይቀንሳል።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ይህን ከሌላው ይበልጥ ሊያስብበት ይገባል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር በደንብ ካልተቆጣጠሩት የድድ በሽታ ይበረታል፤ የበረታ የድድ በሽታም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ ያደርገዋል። የድድ ሕክምና ያደረጉ የስኳር ሕሙማን የደማቸው ስኳር መጠነኛ መሻሻል እንደሚያሳይ በጥናት ታይቷል። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነም ድድዎ ባይደማ አይዘናጉ፤ ማጨስ የድድን ደም ሥሮች ስለሚያጠብ በሽታው ምልክቱን ደብቆ ይሄዳል። ትንፋሽዎን በተመለከተ፣ የአፍ ሽታ አብዛኛው ከአፍ እንጂ ከሆድ አይመጣም፤ ከድድ ሥርና ከምላስ የኋላ ክፍል ነው የሚነሣው። ድድዎ ሲታከም፣ ምላስዎንም ማታ ማታ ከኋላ ወደ ፊት ሲያጸዱት ለውጡን ቤተሰብዎ ያየዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ ከኋላ ያሉት ሁለት ጥርሶቹ ተቦርቡረዋል። ዘመዶቼ «የወተት ጥርስ ነው፤ ይወድቃል፤ ለምን ታለፊዋለሽ?» ይሉኛል።

መልስ፦ ልጁን ወደ ሐኪም ይውሰዱት እንጂ። የፊቶቹ የወተት ጥርሶች በስድስትና በሰባት ዓመት ይወድቃሉ፤ የኋላ መንጋጋዎቹ ግን የሚወድቁት ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ልጅዎ በእነዚህ ጥርሶች ገና ስድስትና ስምንት ዓመት ይበላባቸዋል። የወተት ጥርስ ኢናሜል ቀጭን በመሆኑ ጉዳቱ ከነርቩ የሚደርሰው ከአዋቂ ጥርስ ይልቅ ፈጥኖ ነው፤ የሚፈጠረው መግልም ከሥር በማደግ ላይ ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሽ ይችላል። ቀድሞ የተነቀለ እንደሆነ ደግሞ የጎረቤቱ ጥርስ ቦታውን ስለሚይዘው ቋሚው ሲመጣ መብቀያ አጥቶ ጠሞ ይበቅላል። ትንሽ ልጅ ሕመሙን በቃል ላይናገር ይችላል፤ በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ፣ ጠንካራ ምግብ መተው፣ ሌሊት እየነቁ ማልቀስ የእርሱ ቋንቋ ነው።

የጥርስ ሳሙናው መጠን ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ላለ ደግሞ የአተር ፍሬ ያህል ይሁን፤ እስከ ሰባትና ስምንት ዓመቱም የሚቦርሹለት እርስዎ ይሁኑ፤ የልጅ እጅ ከዚያ በፊት ለዚህ ሥራ አይበቃም። ጡጦ በአፉ ይዞ እንዲተኛ ማድረግ ጡጦው ውስጥ ያለው ወተትም ቢሆን ጥርሱን ይጎዳል።

ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ ነገር ይጠብቁ። ምንም ጥርስ ሳይወድቅ ከወተት መንጋጋዎቹ በስተኋላ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች ይበቅላሉ። ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ መስለዋቸው ችላ ስለሚሏቸው፣ ዕድሜ ልክ ሊያገለግሉ የሚገባቸው እነዚህ ጥርሶች ከሌሎቹ ቀድመው ይጠፋሉ። እንደበቀሉ ሐኪም ቢያያቸው በላያቸው ያሉትን ጥልቅ መስመሮች በመከላከያ ሽፋን ሊደፍንላቸው ይችላል፤ ማደንዘዣም መሰርሰሪያም የማይፈልግ ቀላል ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ተማሪ ነኝ። ጥርሴ ቢጫ ስለሆነ ስስቅ አፌን እሸፍናለሁ። በከሰል ዱቄትና በሎሚ መቦረሽ እንደሚያነጣ በቪዲዮ አይቼ ልጀምር ነው።

መልስ፦ አትጀምሪ። ሎሚ ኢናሜልን ያሟሟል፤ ከሰል ደግሞ የላላውን ይፍቃል። ለጥቂት ሳምንት ላይ ላዩ ያለው እድፍ ስለሚለቅ የነጣ ይመስልሻል፤ ከዚያ በኋላ ግን ኢናሜሉ ሲሳሳ ከሥሩ ያለው ዴንቲን በተፈጥሮው ቢጫ ስለሆነ ጥርስሽ ከበፊቱ ይበልጥ ቢጫ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ውኃም ያንዘፈዝፈዋል። ይህ ደግሞ የማይመለስ ጉዳት ነው።

ጤነኛ ጥርስ ብዙውን ጊዜ እንደ ወረቀት ነጭ አይደለም፤ በምስል የምታያቸው ጥርሶች በሐኪም ሽፋን የተለበጡ ወይም በምስል ማስተካከያ የነጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እድፍ ከሆነ በሐኪም መታጠብ ብቻ ሊበቃሽ ይችላል። ከዚያም በላይ ማንጣት ከፈለግሽ በፐርኦክሳይድ የሚሠራ ሕክምና አለ፤ በአብዛኛው ግን ከ18 ዓመት በኋላ፣ በሐኪም ክትትል ቢደረግ ይመረጣል። ጥርሶችሽ ከበቀሉ ጀምሮ ነጭ ነጠብጣብ ወይም ቡናማ ምልክት ካለባቸው ምክንያቱ በልጅነትሽ የጠጣሽው የጉድጓድ ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ ያለው መሆኑ ሊሆን ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የሚመክረው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። እንዲህ ያለው ምልክት ከጥርሱ ውስጥ ስለሆነ መፋቅ አያስለቅቀውም፤ ሐኪም ግን የሚያደርግለት ነገር አለው። ከሌሎቹ ተለይቶ የጠቆረ አንድ ጥርስ ብቻ ካለሽ ደግሞ ባያምሽም ቶሎ ታዪ፤ ቀድሞ በመመታት ነርቩ የሞተ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርሴን ያመኛል፤ ነገር ግን እስክወልድ መታገሥ እንዳለብኝ፣ ሕፃኑም ካልሲየሙን ከጥርሴ እንደሚወስድ ይነግሩኛል።

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል አይደሉም። ሕፃኑ የሚያስፈልገውን ካልሲየም የሚያገኘው ከምግብዎ፣ ሳይበቃም ከአጥንትዎ ነው፤ ከጥርስ ካልሲየም አይወጣም። በእርግዝና ጊዜ ጥርስ የሚጎዳው ማስመለስ በሚያመጣው አሲድ፣ ቶሎ ቶሎ በመብላትና በሆርሞን ለውጥ ምክንያት ድድ በቀላሉ ስለሚቆጣ ነው። ሕክምናውን ደግሞ አሁን ማድረግ ይችላሉ፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ እንዲያውም ለመታከም የተመቸ ነው። ሊዶኬይን የተባለው ማደንዘዣ በነፍሰ ጡር ላይ ይሠራበታል፤ አስፈላጊ ከሆነም ራጅ በመከላከያ ልብስ ይነሣል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይጠቀሙ፤ አይቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ለሕፃንም ለእናትም አደጋ የሚሆነው ሳይታከም የሚስፋፋው መግል ነው።

ጥያቄ፦ የታች መንጋጋ ጥርሴን ካስነቀልሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ሁለተኛው ቀን ተሽሎኝ ነበር፤ አሁን ግን እስከ ጆሮዬ የሚሰማ ሕመምና መጥፎ ጣዕም መጣብኝ። ሲጋራ አጨሳለሁ።

መልስ፦ የደም ጓሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ አጥንቱ ተጋልጧል ብዬ እገምታለሁ፤ በጤነኛው ሁኔታ ሕመሙ ቀን በቀን ይቀንሳል እንጂ በሦስተኛው ቀን አይብስም። ወደ ነቀለልዎ ሐኪም ይመለሱ፤ ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያለው መሸፈኛ ሲያደርግበት ብዙዎች በዚያው ቀን እፎይ ይላሉ። አንቲባዮቲክ ለዚህ መፍትሔ አይደለም። ማጨሱን ቢያንስ እስኪድን ያቁሙ። ገና ለሚያስነቅሉ አንባቢያን ደግሞ፣ በቁስሉ ላይ የሚደረገውን የጋዝ ጨርቅ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅ አድርጎ መንከስ፣ ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥ፣ በኃይል አለመትፋትና በመምጠጫ አለመጠጣት ጓሉን በቦታው ያቆያል፤ በማግሥቱ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በገባበት ለብ ያለ ውኃ ከምግብ በኋላ አፍን በቀስታ ማጠብ ይቻላል።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪያችን በጨዋታ ላይ ወድቆ የፊት ጥርሱ ከነሥሩ ወለቀ። ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልለን ከሰዓት በኋላ ለወላጆቹ ሰጠናቸው፤ ሐኪሙ ግን ዘግይቷል አላቸው። ምን ማድረግ ነበረብን?

መልስ፦ ጥያቄውን ስላነሡት አመሰግንዎታለሁ፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በየትምህርት ቤቱ ቢኖር ብዙ ልጆች ጥርሳቸው ይተርፍ ነበር። አስቀድመው ልጁ ራሱን ስቶ እንደነበር ወይም እንዳስመለሰው ይመልከቱ፤ እንዲያ ከሆነ ከጥርሱ በፊት ጭንቅላቱ መታየት አለበት። ካልሆነ ግን ደቂቃዎቹ ይቆጠራሉ። በጥርሱ ሥር ዙሪያ ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዙ ሕያዋን ሴሎች አሉ፤ በመሐረብ የተጠቀለለ ጥርስ ሲደርቅ የሚሞቱትም እነርሱ ናቸው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ ቦታው የተመለሰ ጥርስ የመያዝ ዕድሉ ጥሩ ነው፤ አንድ ሰዓት ደርቆ ከቆየ ግን እጅግ ያንሳል።

ጥርሱን በነጩ ክፍል በኩል ያንሡ፤ ሥሩን አይንኩ፣ አይፈግፍጉ። ቆሽሾ ከሆነ ለጥቂት ሰከንድ በወተት ወይም በቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀው በተፈጥሮ አቅጣጫው ወደ ጉድጓዱ በቀስታ ይመልሱትና ልጁ ንጹሕ ጨርቅ ነክሶ ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ። ለመመለስ ካልደፈሩ ወይም ልጁ ካልፈቀደ በወተት ውስጥ ይንከሩት፤ ወተት ካልተገኘ በልጁ በራሱ ምራቅ ውስጥ ያቆዩት። በውኃ ውስጥ አያቆዩት፤ ሴሎቹን ያፈነዳቸዋል። ሐኪሙ ከጎረቤት ጥርሶች ጋር ለሁለት ሳምንት ያህል ያስረዋል፤ የቴታነስ ክትባቱንም ይጠይቃል። ከጥርስ ላይ የተሰበረ ቁራሽ ካለም ይዘውት ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ መልሶ ሊጣበቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለቋሚ ጥርስ ነው። የወለቀው የወተት ጥርስ ከሆነ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ እንዳይጎዳ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ልጁ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ሊያየው ይገባል።